ሽርጥ እንዳይወልቅብህ

ግንቦትን ድሬዳዋ ላይ በጂንስ ለማሳለፍ የቆረጥክ ወንድሜ፣ ወኔህን አደንቃለሁ። እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የገፋኋቸው እንደዛው ነበር። ማታ ቤት ስገባ ሱሪው ከጭኔ ላይ እንደ ፕላስተር ነው የሚላቀቀው። ጎረቤቴ ሐጂ ደግሞ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በራቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ለማን ብለህ ነው የምትለብሰው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ሽርጥ ልገዛ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ሽርጥ ስትል ብዙ ሰው የሚመጣለት ወጥ ቤት ከፊት የሚታሰረው ጨርቅ ነው። እዚህ ግን ወንዱ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚያገለድመው ነው። ሶማሌው ማዓዊስ ይለዋል። ተዘርግቶ ስታየው አራት ማዕዘን ጨርቅ ብቻ ነው፣ ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፣ ኪስ የለው። ጣጣውም ምቾቱም ከዚሁ ነው የሚመጣው።

ድሬ ላይ ቀፊራ ወይም ታይዋን ከሚባሉት ገበያዎች ወደ አንዱ ሂድ። ሽርጡ ታጥፎ በላስቲክ ውስጥ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ሳታስፈታ እንዳትገዛ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ዘርግተው ብለህ እየው። ወገብህን የሚዞረው ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ወገብህ ሰፋ ያለ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሜትር ካልያዝክ ወገብህ ላይ ጠቅልለው፤ አንድ ዙር ሞልቶ ሌላ አንድ ዙር ያህል ከተረፈው ይበቃሃል። ካልተረፈው ቢያምርም ተወው።

ትልቁ ነገር ጨርቁ ነው። ሁሉም ሻጭ "ጥጥ ነው፣ ወላሂ" ይልሃል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አስፈቅደህ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዝና ከሱቁ ራቅ ብለህ ክብሪት አስነካው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ልስልስ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ሁለቱንም ካየህ ቅልቅል ነው። ቅልቅል ለመንገድ አይከፋም፣ ቶሎ አይጨማደድም። ንጹሕ ፖሊስተር ግን በድሬ ሙቀት ከጂንሱ ብዙም አይሻልህም፣ በዚያ ላይ ያንሸራትታል። ያንሸራትታል ያልኩትን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከገዛህ በኋላ ሁለቱን ጫፎች አሰፋቸው፤ ሽርጡ እንደ ከረጢት ክብ ይሆናል ማለት ነው። (ለሐጅ የሚታሰረው ነጭ ጨርቅ ሌላ ነው፣ እሱ አይሰፋም።) ድሬ ላይ ሰፊ ሞልቷል፣ ግን ሐረር ከወጣህ አጋጣሚውን አትለፈው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ነው የሚሰሩት፤ የመንገዱ ስምም ከዚያው ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ቆመህ እያየህ ይሰፉልሃል። ድርብ ስፌት በላቸው። ጨርቁ ካሮ፣ ማለትም ባለ አራት ማዕዘን መስመር፣ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም አደራ በል፣ አለበለዚያ ከኋላህ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። የላይና የታቹ ጠርዝ ከፋብሪካ ሲመጣ የተያዘ ስለሆነ አይታጠፍ። በከንቱ ያወፍረዋል፣ ስትጠቀልለውም አይታዘዝልህም።

አሁን አለባበሱ። መጀመሪያ ከውስጥ ቁምጣ ልበስ። የለመደው ሰው የፈለገውን ያድርግ፣ አንተ ግን ልበስ። ከዚያ ሽርጡን ከፍተህ ግባበትና የላይኛውን ጠርዝ ከእምብርትህ ከፍ አድርገህ ያዘው፣ ስትጠቀልለው ስለሚያጥር። ስፌቱን ወደ ኋላ አዙር። እግርህን በትከሻህ ልክ ክፈት። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ እግርህን ገጥመህ ካሰርከው መራመድ አትችልም፣ እንደታሰረ በግ ነው የምትሆነው። ትርፉን ጨርቅ ወደ ግራና ቀኝ እኩል ሳበው፣ ከሁለት ጎንህ እንደ ክንፍ ይወጣል። የቀኙን ወደ ሆድህ አጥፈህ በግራ እጅህ ያዝ፣ የግራውን ከላይ ደርብበት፣ ወጠር አድርገው። ሆድህን ትንሽ ሳብ አድርግና የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ወደ ታች ጠቅልለው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሆድህን ልቀቅ። ጥቅልሉ ሲጠብቅ ይሰማሃል።

በቃ፣ ያ ጥቅልል ነው ቀበቶህ። መጠቅለል ያለብህም ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ነው። እኔ ሆዴ ላይ ብቻ እያጠፍኩ ሳምንት ሙሉ እጄ ከወገቤ ሳይለይ ነበር የምሄደው። ሐጂ አይተው አይተው "ልጄ፣ ሆድህን ያምሃል እንዴ?" አሉኝ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አቁመው ዙሪያውን ጠቀለሉልኝ። አዲስ ሽርጥ ሙጫ ስላለበት ድርቅ ይልና ጥቅልሉ ይፈታል። አንዴ አጥበህ ነው መልበስ። ድሮም እጥበት የበዛበት አሮጌ ሽርጥ የሚወደደው ለዚህ ነው።

ወደ ማንሸራተቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ሽርጤ አብረቅራቂ ፖሊስተር ነበር፣ ክብሪቱን ያኔ አላውቅማ። ከባጃጅ ልወርድ አንድ እግሬን ሳወጣ የታችኛው ጠርዝ ከመቀመጫው ሥር ብረት ይዞት ቀረ። እኔ ወረድኩ፣ ሽርጡ አልወረደም። ባጃጁም ሊነሳ ነው። ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ "አቦ፣ ያዘው! ያዘው!" ትላለች፣ ሽርጡን ትሁን ባጃጁን እስካሁን አልገባኝም። ቁምጣ ልበስ ያልኩህ ለዚህ ነው። ባጃጅ ላይ ስትወጣም ስትወርድም ጠርዙን በአንድ እጅህ ሰብስበህ እስከ ጉልበትህ አንሳው፣ ሁለቱም እግርህ መሬት እስኪነካ አትልቀቀው። ደረጃ ላይም ፊቱን ብቻ አንሳ አድርግ። ሞተር ሳይክል ካለህ በሱሪ ሂድ፣ ጨርቅና ሰንሰለት አይስማሙም።

ፈርሻ፣ ማለትም መሬት ላይ የሚነጠፈው ፍራሽ፣ ላይ ስትቀመጥ መሃሉን ይዘህ በእግሮችህ መካከል ወደ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ እንደፈለግክ ጋደም በል። በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ለአራት ሰዓት ያህል የሚቀመጡ ሰዎች ከሱሪ ይልቅ ሽርጥ የሚመርጡት እንዲሁ አይደለም፣ ጉልበት ላይ የሚይዝ ነገር የለውም። ዕቃ የምታነሳ ከሆነ የታችኛውን ጠርዝ እስከ ጉልበትህ ስበህ ወገብህ ላይ ሸጉጠው።

ኪስ የለውም ብያለሁ። ስልክህን ጥቅልሉ ውስጥ ስትሸጉጥ አይቼሃለሁ፤ ተው። የዛሬ ስልክ ከባድ ነው፣ ራሱም ይወድቃል፣ ሽርጡንም ይዞት ይወርዳል። ሐጃጆች የሚታጠቁት ኪስ ያለው ሰፊ ቀበቶ አለ፣ እሱን ግዛ፤ ሽርጡንም ይይዝልሃል። ስኮትላንዶችም ኪልት የሚሉት የወንድ ጉርዳቸው ኪስ ስለሌለው ከፊት የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጥላሉ። የእነሱ ሰባት ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ የሚፈጅ፣ ከኋላው ሽንሽን የሆነ ነው፤ ለብርድ አገር የተሰራ ስለሆነ ድሬ ላይ እንዳትሞክረው።

"ቀሚስ ለበስክ" የሚልህ ከመሃል አገር የመጣ ጓደኛ አይጠፋም። ቄሱም ቀሚስ ነው የሚለብሱት፣ ሼኩም ጀለቢያ፣ የአፋር ወንድም ከወገቡ በታች ሽርጥ ነው የሚታጠቀው በለው። ካልበቃው የስኮትላንዶቹን ጨምርለት፦ በፈረንጆቹ 1746 የብሪታንያ መንግሥት ከአመፅ በኋላ የስኮትላንድን የደጋ ሰው ልብስ በሕግ ከለከለ፣ ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰር ነበር፣ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ሴታሴት ነው ብለው ሳይሆን የተዋጊ ልብስ ነው ብለው ፈርተው።

ይህን ስል ግን ሽርጥ ለብሰህ ቢሮ ግባ ማለቴ አይደለም። ሰፈር፣ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ ጀመዓው (የጓደኛ ስብስቡ) ጋ፣ መስጊድ፣ ማንም ዞሮ አያይህም። ባንክና ቀበሌ ጉዳይ ካለህ ሱሪህን ልበስ። ከላይ ደግሞ ሸሚዝ ከሆነ አታስገባው፣ ጥቅልሉን ይፈታዋል።

መጀመሪያ ስታጥበው ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ከነጭ ሸሚዝህ ጋር ጉድ ይሰራሃል። ጥላ ላይ አስጣው፣ የድሬ ፀሐይ በአንድ ወር ቀይ የነበረውን ሮዝ ያደርገዋል። ሐረር ለማደር ከሆነ ደግሞ ወፈር ያለውን ያዝ። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ማታ ላይ ስስ ሽርጥ ለብሰህ ሐረር መሃል ፈረስ መጋላ አደባባይ ብትቆም ነፋሱ ከታች ነው የሚገባልህ።