ልጆች ራጅና ሲቲ ስካን ሲነሱ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ የመጣች እናት የልጇን የደረት ራጅ ለሁለት አጥፋ፣ ከዳቦ ጋር በፌስታል ይዛ ገባች። የእጥፋቱ መስመር ሳንባው ላይ ነጭ ጭረት ስለሠራ ሐኪሙ ፊልሙን ሊያነበው አልቻለም። ልጁ እንደገና ተነሳ።

ጅማ ውስጥ በራጅ ባለሙያነት ስሠራ ልጆች በከንቱ ጨረር ሲወስዱ ያየሁት በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር፦ የቆየ ፊልምን መጣል፣ ማጠፍ ወይም መደበቅ። መደበቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ በግል ክሊኒክ ተነስቶ ከሆነ «መጀመሪያ ለምን እዚያ ሄዳችሁ?» የሚል ቁጣ ፈርተው ፊልሙን ቤት ትተውት የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፤ ፊልሙን አምጡት። ቤት ውስጥ ሳታጥፉ በካርቶን መሃል፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት። ሲቲ ስካን ከሆነ ደግሞ ሲዲውን ጠይቁ።

ሌላው ስህተት ለመረጋጋት ሲባል ብቻ ሲቲ ስካን መጠየቅ ነው። ማንጎ በደረሰ ጊዜ ከዛፍ የሚወድቅ ልጅ አይጠፋም። አባት በባጃጅ ይዞት ይደርስና «ገንዘቡን እከፍላለሁ፣ ትልቁ ማሽን ውስጥ ይግባልኝ» ይላል። ልጁ ግን አጠገቡ ቆሞ ብስኩት እየበላ ነው። ሐኪሞች የሚመለከቱት ሌላ ነገር ነው፦ ራሱን ስቶ ነበር? ደጋግሞ አስመልሶታል? ከወትሮው ተለይቶ ፈዟል ወይስ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ብሏል? ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ ይፈስሳል? ራስ ምታቱ ከባድ ነው? የወደቀበት ከፍታ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል? ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጥንቃቄው ከዚህም ይበልጣል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ብዙ ጊዜ ልጁን ለጥቂት ሰዓታት በዓይን መከታተል ይበቃል።

የጭንቅላት ሲቲ ስካን ጨረር 2 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚወስደው ጨረር መለኪያ) ገደማ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል፤ የዓመቱን ያህል በአንድ ጊዜ መውሰድ ማለት ነው። የደረት ራጅ ግን ከጥቂት ቀናት ድርሻ አይበልጥም። በብሪታንያ ከ170 ሺህ በላይ ልጆችንና ወጣቶችን ተከታትሎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ10 ዓመት በታች ሳሉ የጭንቅላት ሲቲ ከተነሱ 10,000 ልጆች መካከል በቀጣዮቹ 10 ዓመታት አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል እጢ ሊከሰት እንደሚችል ገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሲቲ በእርግጥ ላስፈለገው ልጅ «ጨረር ነው» ብሎ እምቢ ማለት ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ብስኩት እየበላ ለቆመው ልጅ ግን ምን ትርፍ አለው?

ቀጣዩ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። ማሽኑን ለአዋቂ በተሞላበት መጠን ሕፃን ላይ መጠቀም፣ ደረት ተጠይቆ ሆድንም ጨምሮ ማንሳት፣ አንድ ዙር በሚበቃበት ሲቲ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት ሳይሰጥም ተሰጥቶም መድገም። ወላጅ «የልጅ መጠን ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም።

ልጅን ማስፈራራትም አለ። «ዝም በል፣ መርፌ ይወጋሃል» ተብሎ የገባ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሲወራጭ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ይደገማል። ሕፃን ከሆነ አጥብታችሁ፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ አምጡት። አንገቱ ላይ ያለውንም አውልቁ። አንድ ጊዜ ልጁን ከማንሳቴ በፊት በብር የተለበጠ ክታብ ልክ ልቡ ላይ አርፎ ሳየው፣ እናቲቱን «እህቴ፣ እባክሽ አውልቂለት» አልኳት። «ዶክተር፣ እሱ ከወለቀ ልጄ ይታመማል» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) በመጨረሻ እሷ ራሷ በመዳፏ ይዛው አጠገቡ እንድትቆም ተስማማን። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ ተነስቶ በቃ።

ልጅን ደግፎ የሚይዘው ሰው የእርሳስ መከላከያ ልብስ ይልበስ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር እናት ግን አትያዝ፤ አባት ወይም አክስት ይግቡ።

ሁሉንም ማሽን አንድ አድርጎ መፍራትም የተለመደ ነው። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም። ሆዱን ለታመመ ልጅ፣ ትርፍ አንጀት ቢጠረጠር እንኳ፣ በአልትራሳውንድ መጀመር ይቻላል ወይ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ግን ስለ ወተት ነው። ራጅ የተነሳ ልጅ «ጨረሩን እንዲያጥብለት» ቤት ሲደርስ ወተት ይጠጣል። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነት ውስጥ የሚታጠብ ነገር አይቀርም። ወተቱን ግን አልከለክልም፤ ልጁም ይወደዋል።