በደሴ ጉምና በጦሳ ጥላ ስሜትን መሳል

ስሜትን በቀለም ማውጣት ሲባል አብዛኛው ጀማሪ ቀይ ለንዴት፣ ሰማያዊ ለሀዘን ብሎ ይጀምርና የሚያለቅስ አይን ምናምን ይጨምርበታል። እኔ ይሄ ነገር አይጥመኝም። ደሴ ክረምቱን የከረመ ሰው ግራጫ ብቻውን ስንት አይነት ፀባይ እንዳለው ያውቃል፣ ቀለም ትርጉሙን የሚያገኘው አጠገቡ ካለው ቀለም እና ከሰዓቱ ነው።

መጀመሪያ ስሜቱን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ግን "ናፍቆት" ብላችሁ እንዳትተዉት። "ሁሉም ሄዶ እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ" አይነት አረፍተ ነገር ይሁን። ከዛ ይሄ ነገር የት ቦታ በስንት ሰዓት ነው የሚታየው በሉ። ለምሳሌ ለዚህኛው እኔ ደሴን አመሻሽ ላይ እመርጣለሁ፣ የጦሳ ተራራ ከከተማው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፀሀይ ቶሎ ከጀርባው ትገባና ከተማው በጥላ ሲዋጥ በምስራቅ ያለው የአዝዋ ገደል ጫፍ ግን ገና በርቶ ይቆያል፣ ብርሃኑ እዛ ማዶ እናንተ እዚህ።

ይሄን ስትስሉ ከሸራው ሶስት አራተኛውን ለጥላው ስጡት፣ ብርሃኑ ከላይ ቀጭን መስመር ይሁን። ጥላውን በጥቁር ቀለም እንዳትቀቡት ይሞትባችኋል፣ አልትራማሪን ሰማያዊን ከቡናማ (በርንት ሳይና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ካላችሁ በጣም አሪፍ) ቀላቅሉ፣ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። ለብርሃኑ ኦከር ቢጫ፣ ነጭ እና በጣም ትንሽ ብርቱካናማ ይበቃል። ከዛ ዋናው ፈተና የቆርቆሮ ጣሪያው ነው፣ እዚህም እዛም ብልጭ ብልጭ ልታደርጉት እጃችሁን ይበላችኋል፣ ተዉት! ብርሃኑ ከተበተነ ናፍቆቱ ጠፋ፣ ቆንጆ ፖስትካርድ ብቻ ይቀራችኋል።

ጭንቀት ወይም ግራ መጋባት ከሆነ ደግሞ ጉሙን ያዙ። ውሃ ቀለም ላይ ወረቀቱን ቀድማችሁ አርጥቡትና ቀለሙን ጠብ አድርጉ፣ ራሱ ይሰራጫል። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ እንደዛ አይታዘዝም፣ እሱን መጀመሪያ ዛፉንም ቤቱንም ሳሉና ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ነጭ ደራርቡበት። አንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ የባህር ዛፉ ግንድ አንድ ጎኑ፣ ጠርዙ ስል ሆኖ ይቅር፣ አይን የሚይዘው ነገር ካጣ ስዕሉ ጭጋግ ሳይሆን የቆሸሸ ወረቀት ይመስላል።

ርቀትም ስሜት ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊ የሚሆነውና የሚፈዘው በመሀል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው፣ የአምባሰልን ሰንሰለት በጠራ ቀን ያየ ያውቀዋል። ሰላም ከፈለጋችሁ ይሄን ተከተሉ፣ ንዴት ወይም ፍርሃት ከፈለጋችሁ ግን ሆን ብላችሁ አፍርሱት፣ የሩቁን ተራራ ጥቁርና ሞቃት አድርጉት፣ ወደናንተ የሚመጣ ይመስላል። ኧረ እውነታውን አዛባን ካላችሁ የሀይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን የ13ኛው ክፍለ ዘመን የወንጌል መጽሐፍ ስዕሎች አስቡ፣ ጥልቀት የለ ጥላ የለ፣ ጠፍጣፋ ቀለም እና መስመር ብቻ፣ እስከዛሬ ግን ያፈዛሉ።

የመስከረም አደይ ለደስታ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት ግን እዚህ ነው። ሜዳውን በቢጫ ነጠብጣብ እኩል አትሙሉት፣ መጀመሪያ አንድ ትልቅ የቢጫ ጅምላ ጣሉና ከፊት ያሉትን ጥቂት አበቦች ብቻ በስፓቹላ (በቀለም መቀቢያ ቢላዋ) አውጡ። ቢጫን በጥቁር ካጠቆራችሁት አረንጓዴ ይሆናል፣ በቡናማ ወይም በትንሽ ወይን ጠጅ አጥቁሩት።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ባቲ እና አምባሰል የኛው የወሎ ስሞች ናቸው አይደል፣ አንዱን እይታ ትንንሽ ወረቀት ላይ አንዴ በባቲ ቅኝት አንዴ በአምባሰል አንዴ በትዝታ ዘፈን እየሰማችሁ ሳሉት፣ እርሳስ ሳትነኩ በወፍራም ብሩሽ። እጃችሁ ፍጥነቱን ይቀይራል፣ ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ልዩነቱ ያስቃችኋል።

ገጠር ወጥታችሁ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ ሰላምታ። ሰው ማሳ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እርሳስ ዘርግቶ አይን ሲጨፍን ሲገልጥ ካዩት መሬት ሊለካ የመጣ ነው የሚመስላቸው፣ "ልጄ ምንድነው የምትለካው?" ከመባላችሁ በፊት ደብተሩን አሳዩ፣ ቡናም አይቀርባችሁም።

ሲያልቅ ሰው ስታሳዩ "ያምራል?" አትበሉ፣ ሁሉም ያምራል ነው የሚላችሁ። "እዚህ ቦታ ብትሆን ምን ይሰማሃል?" በሉት፣ መልሱ መጀመሪያ ከጻፋችሁት አረፍተ ነገር ጋር ካልተገናኘ ብርሃኑን ወይ ጠርዙን አስተካክሉ። የዘይት ቀለም ከሆነ ቫርኒሹን ለመቀባት አትቸኩሉ፣ ላይ ላዩ ደረቀ ቢመስልም ስድስት ወር ያህል ጠብቁት፣ በተለይ ደሴ እርጥበቱ ስላለ።