ሆድ ሲብስ፦ የውስጥ ልጅን በ15 ደቂቃ ማነጋገር

አለቃዎ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሳግ ይተናነቅዎታል፣ ቃል አይወጣዎትም። ወይም አንድ ስልክ ስላልተነሳልዎት ሦስት ቀን ያኮርፋሉ። ነገሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሆድ ከልክ በላይ ከባሰ፣ የሥነ ልቦና ሰዎች «የውስጥ ልጅ» የሚሉት እዚያ ጋ ነው። ውስጥዎ የተቀመጠ ሌላ ሰው የለም። በልጅነት ሰሚ ያላገኘ ስሜት ነው፣ ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ሲነካው የሚነሳው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄፍሪ ያንግ በመሠረተው የስኪማ ሕክምና (ከልጅነት ተይዘው የቀሩ የስሜትና የአስተሳሰብ ልማዶችን የሚያክም ዘዴ) ሐኪሙ ታካሚውን ዓይኑን አስጨፍኖ ወደ አንድ የልጅነት ትዕይንት ይመልሰዋል፤ ልጁ ያኔ ያጣውን እዚያው በምናብ እንዲያገኝ ያደርጋል። ከዚህ በታች ያለው ለብቻ ሊሠራ የሚችለው ቀለል ያለው ክፍል ነው።

የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ችግር ቦታ ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። ፍጹም ጸጥታ አያስፈልግም፤ የሚቆለፍ በርና ማንም የማይጠራዎት ሩብ ሰዓት ይበቃል። እሑድ ከሰዓት ጥሩ ነው። ሊተኙ ሲሉ አይሁን፣ እንቅልፍ ይነሳል። ወደ መገናኛ በሚሄደው አውቶቡስ ላይም አይሁን፤ የተከፈተ ሆድ ይዞ ሥራ መግባት ከባድ ነው። አውቶቡስ ላይ ማስታወሻ መያዝ ግን ይቻላል፦ ምን ተፈጠረ፣ ሰውነቴ ላይ የት ተሰማኝ፣ ያኔ የስንት ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ትዝታ ይምረጡ። ክብደቱን ከ0 እስከ 10 ይስጡትና በ3 ወይም በ4 ይጀምሩ፤ ለምሳሌ እርሳስ ጠፍቶብዎት ክፍል ውስጥ የተንበረከኩበት ቀን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከትልቁ ቁስል ሲጀምር ነው። በርበሬ የታጠኑበት፣ የተደፈሩበት፣ ወይም ሞት ያዩበት ቀን ብቻዎን የሚነኩት አይደለም። ሁለተኛው ስህተት «ልጅነቴን» በጅምላ ማሰብ ነው። ጅምላ ነገር አያለቅስም፣ አይጽናናምም። አንድ ቀን፣ አንድ ዕድሜ፣ የለበሱት ልብስ፣ የቤቱ ሽታ፣ በር ላይ የቆመው ሰው ሳይቀር መታየት አለበት።

ሲጀምሩ እግርዎን መሬት አስነክተው ይቀመጡ፤ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ 2 ደቂቃ። ቀጥሎ 3 ደቂቃ ትዕይንቱን ብቻ ይዩት። ከዚያ ዛሬ በሆኑት ዕድሜ ወደ ትዕይንቱ ይግቡ፤ ይህ 6 ደቂቃ ይወስዳል። ከልጁ ቁመት ጋር እኩል እስኪሆኑ ቁጢጥ ይበሉና በቤት ስሙ ይጥሩት። የቤት ስሙ መሳለቂያ ከነበረ ይተዉት፣ «የኔ ልጅ» ይበቃል። «ምን ሆንክ?» ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው «አይዞህ» ነው፤ ቃሉ ውብ ነው፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን ያደግነው «አይዞህ፣ በቃ ዝም በል» እየተባልን ስለሆነ ቶሎ ከተባለ ልቅሶ ማስቆሚያ ይሆናል። ልጁም እንደ ድሮው ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያዩትን ይንገሩት፦ «ከፍቶህ ነበር። ብቻህን ነበርክ። እርሳስ መጥፋቱ አያስንበረክክም ነበር።» እንባ ከመጣ ይምጣ። «አይዞህ» ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ቦታውን ያገኛል።

በመጨረሻው 4 ደቂቃ ልጁን ከዚያ ቦታ ያውጡት፤ አያትዎ ቤት ምድጃ ዳር ወይም ሌላ ሰላም የነበረበት ስፍራ ያስቀምጡት። ተመልሰው የሚመጡበትን ቀን ይንገሩትና ቀኑን ያክብሩ፤ ቃል ሰጥቶ የሚቀር አዋቂ ልጁ ከድሮም ያውቀዋል። ዓይንዎን ገልጠው የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች ይጥሩ፦ ጀሪካኑ፣ መጋረጃው፣ በመስኮት የሚታየው ባሕር ዛፍ። ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ። በሳምንት ከሦስት ጊዜ አይብለጥ።

ምንም ካልታየዎት አያስገድዱት፣ ይጻፉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጽፈው ነበር፤ ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከብዷቸው ነበር። ስለዚህ የዚያ ምሽት ድብታ ሥራው መበላሸቱን አያሳይም። ከሁለት ቀን ካለፈ ግን ጊዜውን በግማሽ ይቀንሱ። የልጁን መልስ በማይጽፉበት እጅ መጻፍ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ እጅ ሲዘገይ ሐሳብም ይዘገያል። ግራኝ ሆነው በግድ ወደ ቀኝ የተመለሱ ሰዎች ግን ይህ እጅ ራሱ ትዝታ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ይወቁ። ቤቱ የጋራ ከሆነ በደብተር ሳይሆን በነጠላ ወረቀት ጽፈው ሲጨርሱ ከሰል ማንደጃው ላይ ያቃጥሉት።

በዚያ ሳምንት ለአባትዎ ወይም ለእናትዎ ደውለው አይውቀሱ። የሚናገረው የሰባት ዓመቱ ልጅ ቁጣ ነው፤ ስልኩን የሚያነሱት ግን ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ወር ይጠብቁ፣ ከዚያ በአዋቂ ልብ ይወስኑ። በቶሎ ይቅር ለማለትም አይቸኩሉ፤ ሐዘኑ ሳይወጣ የተባለ ይቅርታ በሚቀጥለው ኩርፊያ ይፈርሳል።

ክብደቱ 7 ከደረሰ፣ ያሉበት ክፍል ከጠፋብዎት ወይም ሰውነትዎ ከደነዘዘ ወዲያው አቁመው ሰው ወዳለበት ይውጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ ይህን ሥራ ትተው የሚያምኑትን ሰው አስከትለው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ። ጸበል የሚጠመቁም ቢሆኑ ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ።