ክራንች ይዞ እስክስታ

በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ያዘው። እስክስታ ደግሞ ከትከሻና ከአንገት ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ ይህ የማይገባው ሰው የለም። ሆኖም ጭፈራ ልማር ስሄድ "አንቺ ግጥም አንብቢ" አሉኝ። ዓመታት ግጥም አነበብኩ። አሁን ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እጨፍራለሁ፤ አጫጭር ኮሜዲም እንሠራለን። መድረክ ለምትመኙ ልጆች ያዋጣኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክራንቹን አስተካክሉ። ብዙዎቻችን ክብደታችንን ብብታችን ላይ እንጥላለን። ይሄ ትከሻን ይቆልፋል፤ ሲቆይ የእጅ ነርቭም ይጎዳል። በብብታችሁና በክራንቹ አናት መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክብደቱን መዳፍ ይሸከመው። ከዚያ ሁለቱንም ክራንች ከእግር ጣታችሁ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ጎን ትከሉ። ያለ ሙዚቃ፣ በትንፋሽ ብቻ ትከሻችሁን ስበቁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደቂቃ ይበቃል። መዳፍ ሲዝል በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቀጥሉ። ሠርግ ቤት እናቶቻችን ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሲወርዱት አይታችሁ የለ?

ወለሉን ራሳችሁ እዩ። የባህል መድረክ ነው ብለው ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። እርጥብ ቄጠማ ላይ ክራንች እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ገና ሁለተኛው ምት ላይ በጎኔ ወደቅሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ የአዳራሹ ጸጥታ ነው እስካሁን የሚሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቄጠማው ከመድረኩ ጠርዝ እንዳያልፍ አስቀድሜ እናገራለሁ። የክራንቹ ጫፍ ጎማ ካለቀም ሳልቀይር አልወጣም።

ከበሮ መቺውን አማክሩ። የኛ ከበሮ መቺ ትልቅ ሰው ናቸው። "እታለም፣ አንቺ ጀምሪ፤ እኔ እከተልሻለሁ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ። መስማት የተሳናት ጓደኛችን ደግሞ ባዶ እግሯን የእንጨት መድረክ ላይ ትቆማለች፤ ከበሮው እዚያው ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ምቱ በእግሯ ይገባል። የመቺውን እጅ እንድታይ ፊት ለፊት እናቆማታለን።

ኮሜዲ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ደህና እግር ያለው ተዋናይ ክራንች ተውሶ ሲያነክስ ሕዝቡ እንዲስቅ የሚጻፍ ድርሰት አለ። እኛ አንሠራውም፤ እናንተም አትሥሩት። ሕይወቱን የሚኖረው ሰው ራሱ ይጻፈው፣ ራሱ ይጫወተው። ከራሴ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ እህቴን ስጠብቅ አንዲት እናት ሳይጠይቁኝ ብር እጄ ላይ አደረጉ። ልመልስ ስል "ግዴለም ልጄ" ብለው ጣቴን አጠፉብኝ። ቀጥሎ ሌላዋ መጡ። እህቴ ስትደርስ እጄ ሙሉ ነበር። መድረክ ላይ አንድም ቃል አልጨመርንበትም። ሳቁ የሚመጣው ሰው ሳይጠይቅ ከሚቸኩለው ቸርነት ነው። እናቶችን ግን አናንኳስስም፤ ልባቸው ደግ ነውና።

ስለ አዳራሽ፦ የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዛል። ስትከራዩ አዋጁን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። መድረኩ ደረጃ ብቻ ካለው ከጣውላ ተዳፋት መወጣጫ አሠሩ። ለ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 6 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። አናጢው "ሁለት ሜትር ይበቃል" ይላችኋል፤ እሺ አትበሉ፤ ዊልቸር ወደ ኋላ ይንከባለላል።

በትዕይንት መሀል መብራት ሲጠፋ ክራንቹን ሰው እንዳያነሣባችሁ ቦታውን ከሁሉም ጋር ተስማሙ። እኔ ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥሜበታለሁ። በጨለማ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው።