በማክታን ደሴት የባሕር ዳርቻ ሱቱኪል ቤት እንዴት መመገብ እንደሚቻል

በፊሊፒንስ፣ ከሴቡ ከተማ በድልድይ በምትገናኘው በማክታን ደሴት፣ ከደሴቲቱ የጥንት አለቃ ከላፑላፑ መታሰቢያ አጠገብ፣ ከቀርከሃና ከዘንባባ ቅጠል የተሠሩ፣ ግድግዳ የሌላቸውና የባሕር ነፋስ እንደልቡ የሚመላለስባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። የአገሬው ሰው አሠራራቸውን ሱቱኪል ይለዋል። ስሙ ከሦስት የሴቡ ቋንቋ ቃላት ተቆርጦ የተገጠመ ነው፤ ሱግባ ማለት በከሰል ፍም ላይ መጥበስ፣ ቱዋ ማለት በቀጭን መረቅ መቀቀል፣ ኪላው ማለት ደግሞ ጥሬውን ዓሣ በአቼቶ መለወስ ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት በቃሉ ይዞ የሄደ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ ምክንያቱም እዚህ ቤት ትዕዛዝ የሚጀመረው ወንበር ላይ ተቀምጦ የምግብ ዝርዝር በማንበብ ሳይሆን ዓሣው ፊት ቆሞ በመምረጥ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። የሴቡ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው እዚያው ማክታን ላይ ስለሆነ ከማረፊያው ለሚነሣ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ ከሴቡ ከተማ የሚመጣ ግን የድልድዮቹን የአመሻሽ መጨናነቅ አስቦ ቀደም ብሎ መነሣት ይኖርበታል። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ላይ መድረስ ለሁሉም ይበቃል። በዚያ ጊዜ መታሰቢያውን ቢጎበኙ መልካም ነው። በኤፕሪል 27 ቀን 1521 እ.ኤ.አ. የላፑላፑ ሰዎች በስፔን ንጉሥ ስም የመጣውን መርከበኛ ማጄላንን ተዋግተው የገደሉት በዚችው ደሴት ነው። ቆይተው ምግብ ቤቱ ውስጥ ላፑላፑ የሚባል ዓሣ ሲያዩ አይደነቁ፤ የአገሪቱ ሕዝብ በጀግናው ስም የሚጠራው፣ ሥጋው ነጭና ለስላሳ የሆነ ዓሣ ነው። በኪስዎ የአገሩ ገንዘብ፣ ፔሶ፣ በጥሬው ይኑር።

በሩ ላይ የሚጠሩዎት ሰዎች ብዙ ይሆናሉ። ሁሉንም በፈገግታ አልፎ ሁለት ሦስት ቤት ማየት ነውር የለውም። ወንዱን አስተናጋጅ ኩያ፣ ሴቷን አቴ ብለው ይጥሩ፤ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፤ እኛ የማናውቀውን ሰው ወንድሜ፣ እህቴ እንደምንለው ማለት ነው። በአንድ ጣት ጠቅሶ መጥራት ግን እንደ ስድብ ስለሚቆጠር መዳፍን ወደ ታች አድርጎ መጥራት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዓሣው ገበታ። በበረዶ ላይ ተጋድመው ከሚያዩዋቸው መካከል የሚፈልጉትን እንዲያነሡልዎ ይጠይቁና ዓይኑን ይመልከቱ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ወደ ውጭ ጎላ ያለ ነው፤ የደፈረሰና የሰረጎደ ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ የጉንጩን ክዳን እንዲከፍቱልዎ ያድርጉ፤ ከሥሩ ያለው መተንፈሻ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፤ ወደ ቡናማ ካደላ ውሎ ያደረ ነው። ገላውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነፋል፤ የጣትዎ አሻራ እንደ ጉድጓድ ከቀረ አይግዙ። ሽታው ራሱ የባሕር ሽታ እንጂ የሚከረፋ መሆን የለበትም። ይህን ሁሉ ማድረግ ሻጩን አያስቀይምም፤ እንዲያውም አዋቂ ገዢ እንደመጣበት ይረዳል።

ከዚያ «ታግፒላ አንግ ኪሎ?» ብለው የኪሎውን ዋጋ ይጠይቁ፤ ዓሣው ሲመዘንም ሚዛኑን ቆመው ይዩ። የማብሰያው ሒሳብ በዋጋው ውስጥ ይሁን ወይም ለብቻው ይታሰብ፣ ከመመዘኑ በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት፣ ሳልጠይቅ ተቀምጬ የመጨረሻው ሒሳብ ካሰብኩት በእጅጉ በልጦ አግኝቼዋለሁ፤ ቢጠየቁ ኖሮ ይነግሩኝ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ስለዚህ መጠየቁ የገዢው ድርሻ ነው።

የሱቱኪል ውበት ያለው አንዱን ዓሣ ለሦስቱም አሠራር በማከፋፈል ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው ከሄዱ ታንጊጌ ከሚባለው ዓሣ አንድ ደህና ይምረጡና ጭንቅላቱና እሾሃሙ ክፍል ለቱዋ፣ ስብ ያለው ሆዱ ለሱግባ፣ ንጹሕ ሥጋው ለኪላው እንዲሆን ይዘዙ። ብዙ ሰው ሦስት ዓይነት ዓሣ ገዝቶ ሁሉንም ያስጠብሳል፤ እንዲህ ካደረገ ከሌላ ቦታ የሚያገኘውን ምግብ ነው የበላው።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ አንባቢ በትዕዛዙ መጀመሪያ ላይ «ዋላይ ባቦይ» ማለትን ይልመድ፤ የአሳማ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው። የአትክልት ወጥ ወይም የሩዝ ኑድል ተብሎ የሚቀርበው ውስጥ የአሳማ ቁራጭ መግባቱ በፊሊፒንስ የተለመደ ስለሆነ፣ ስሙን ብቻ አይቶ ማዘዝ አይበቃም። ሽሪምፕና ሸርጣን የማይበሉም፣ በብዙ ምግብ ላይ የሚጨመረውን ከሽሪምፕ የሚዘጋጅ ጨዋማ ማጣፈጫ እንዳይገባ አስቀድመው ያሳስቡ። ሙሉ ዓሣ በሱግባና በቱዋ ያዘዘ ሰው ግን ከዚህ ሥጋት በአብዛኛው ያርፋል።

ምግቡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ኪላው እሳት ስለማያስፈልገው ቀድሞ ይደርሳል፤ በአቼቶ፣ በዝንጅብል፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የተለወሰው ሥጋ ከላይ ነጣ ብሎ የበሰለ ይመስላል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንም። ሆኖም አቼቶው ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ጥገኛ ተባይን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድልም፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ቢተዉት ይሻላል፤ ሌላውም ሰው ቢሆን ትኩስነቱን በዓይኑ ካላረጋገጠው ዓሣ ኪላው አይዘዝ። ቱዋው ሲመጣ ሽታው አገርዎን ያስታውስዎታል፤ መረቁ የሚታወደው በጠጅ ሳር ነው፤ በላዩ የሚንሳፈፈው ትንንሽ ቅጠልም የእኛ ሽፈራው የቅርብ ዘመድ ነው። ትኩስ እንዳለ ይጠጣ፤ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይወርዳል። ሱግባው የመጨረሻው ነው፤ ፍሙ ጊዜ ስለሚፈልግ አያቻኩሏቸው።

ከተራው ሩዝ ይልቅ ፑሶ ይዘዙ። ፑሶ በተጠለፈ የኮኮናት ቅጠል ውስጥ ታስሮ የተቀቀለ ሩዝ ነው፤ የጡጫ መጠን ያላት፣ ጫፏ ላይ ማንጠልጠያ ቅጠል ያላት ትንሽ ከረጢት ትመስላለች። አስተናጋጁ በቢላ መሐል ለመሐል ሲሰነጥቃት ሩዙ እንደ ኬክ ተጣብቆ፣ የቅጠሉን የጥልፍ መስመር በገላው ላይ ይዞ ይወጣል። በእጅ ቆርሶ ወደ ማጥቀሻው መንከር ነው። ማጥቀሻውን ራስዎ ያዘጋጃሉ፤ ሶያ ሶስ፣ የኮኮናት አቼቶ፣ ካላማንሲ የምትባለው ትንሽዬ ሎሚና ቃሪያ በጠረጴዛው ላይ ይቀርባሉ። እኔ አቼቶውን አብዝቼ፣ ሶያውን በጠብታ ብቻ እጨምራለሁ፤ ሶያ ሲበዛ የዓሣውን ጣዕም ይውጠዋል።

በእጅ መብላት እዚያ ኪናሞት ይባላል፤ ማንም አያፍርበትም። አንዳንድ ቤት ስስ የፕላስቲክ ጓንት ይሰጣል፤ እጅን በደንብ ታጥቦ ያለ ጓንት መብላት ግን የዓሣውን እሾህ በጣት ለይቶ ለማውጣት ይረዳል። ከጎንዎ ያሉ ሰዎች «ካዖን ታ» ካሉዎት እንብላ ማለታቸው ነው። በዱባይ ወይም በቤይሩት ከፊሊፒናውያን ጋር የሠሩ እህቶቻችን በማኒላው ቋንቋ «ካይን ታዮ» ሲባሉ የሰሙት ይኸው ግብዣ ነው። እንደ እኛው እንብላ፣ አመስግኖ ማለፍ ይቻላል።

ሒሳብ ሲፈልጉ በሁለት ጣቶች አየር ላይ አራት ማዕዘን ይሥሩ፤ ከሩቅም ይገባቸዋል። የተመዘነውን ኪሎ፣ የማብሰያውን ሒሳብና የፑሶውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ። ከከሰሉ ፊት ላይ ላቡን እየጠረገ ለቆመው ጠባሽም በመውጫዎ ላይ «ላሚ ካአዮ» ይበሉት፤ በጣም ይጣፍጣል ማለት ነው።