መርሴዲስ 500ኢ ከመግዛታችሁ በፊት 6 አሃዝ አንብቡ

እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 የተመረተውን መርሴዲስ 500ኢ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ኮፈኑን አስከፍቱ። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ፈልጉ። «ደብሊው ዲ ቢ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 124036 ካለ ራሱ ነው። 124034 ከሆነ ግን ባለ 4.2 ሊትሩ ወንድሙ ነው። ሰፋ ያለ ፓራፋንጎና የኋላ ጽሑፍ ማንም ይገጥማል፤ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ግን እንዲያ በቀላሉ አይለወጥም። የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ሰው የሚከፍለው የስፖርት መኪና አምራቹ ፖርሽ እጁን ላስገባበት ባለ 5 ሊትር መኪና ነው። ስትሸጡም ይህንኑ ቁጥር ከሞተር ቁጥሩ ጋር በጠራ ፎቶ አሳዩ፤ ቁምነገረኛ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በ6 አሃዙ መለየት ግን ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አይሠራም፤ የቁጥሩ አደራደር ሌላ ነው።