የዘመተ ዘመዳችሁን እንዴት ታመሰግናላችሁ?

«ስንት ሰው ገደሉ?» ብላችሁ አትጀምሩ። አያቴ ይህን ሲጠየቁ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ስለ ጓደኞቻቸው፣ ስለ ጫማቸው፣ ምሽግ ውስጥ ሌሊቱ እንዴት ይነጋ እንደነበር ስጠይቃቸው ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ከፈቀዱ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ዝም ሲሉ ሌላ ጥያቄ አትደርድሩ፤ ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚወጣው።

ፎቶ ካለ አብራችሁ እዩት። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ጠይቁና ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ሊያልፍ ይችላል። ሜዳሊያውን አትወልውሉት።

ምስጋናውን በደፈናው አታድርጉት። እኔ «ቆስለው እያለ ጓደኛዎን ተሸክመው ስላወጡ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ቤት የቀሩትን ሴት አያቴንም አልዘለልኳቸውም። ያን ሁሉ ዓመት ልጆቹን ብቻቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸውም ደብዳቤው ለብቻ ይሁን።